ተርሚናል ላይ ማውስ ሲያስቸግር

ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ውስጥ የሚሠራ ኤዲተር (የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም) ማውሳችሁን በቀጥታ አያየውም። ክሊኩ መጀመሪያ የሚደርሰው ተርሚናሉ ጋ ነው። ኤዲተሩ «ክሊክ ሲደረግ ንገረኝ» ብሎ ከጠየቀ ተርሚናሉ ቦታውን በቁጥር ይልክለታል፤ ካልጠየቀ ራሱ ጽሑፍ ይመርጥበታል። ስለዚህ ችግር ሲኖር መጀመሪያ ማውሱን አሁን ማን እንደያዘው እዩ። (ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የጻፍኳቸው፣ ስትተይቡ በላቲን ፊደል አድርጉት።)

ቪም ውስጥ መርጬ ኮፒ ማድረግ አልቻልኩም

ቪም (ተርሚናል ውስጥ የሚሠራ ኤዲተር ነው) ላይ ስትጎትቱ ጽሑፉ ቀለም ይቀይራል፣ ከታች ግን «ቪዡዋል» የሚል ይመጣል፤ ብሮውዘር ላይ ሄዳችሁ ፔስት ስትሉ ደግሞ ቅድም ኮፒ ያደረጋችሁት ሊንክ ይወጣል። ማውሱን ቪም ይዞታል ማለት ነው። ኒዮቪም (ከቪም የወጣው አዲሱ ዝርያ) ላይማ ከ0.8 ቨርዥን ጀምሮ ሳትነኩት በርቶ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው ተናዶ ጭራሽ ያጠፋዋል፣ እኔ አልመክርም። ሺፍትን ተጭናችሁ ጎትቱ፣ አለቀ። አብዛኞቹ የሊኑክስ ተርሚናሎች፣ ፑቲ እና ዊንዶውስ ተርሚናል በሺፍት ይሠራሉ፤ ማክ ላይ አይተርም2 ከሆነ ኦፕሽን ነው።

አንድ ጣጣ አለ። በሺፍት የሚመርጠው ተርሚናሉ ስለሆነ የኤዲተሩን ነገር አያውቅም፣ የመስመር ቁጥሮቹንም አብሮ ያነሳል፣ ስክሪኑን ጎን ለጎን ለሁለት ከፍላችሁ ከሆነ ደግሞ የሁለቱንም ፋይል መስመር ቀላቅሎ ይሰጣችኋል። ቁጥሩን በ«:ሴት ኖነምበር» አጥፉት፣ የተከፈለውንም ለጊዜው ዝጉት።

ስክሪኑ ቀኝ ጫፍ ላይ ክሊክ አይሰማም

ሰፊ ሞኒተር ያላችሁ ይሄን ታውቁታላችሁ፤ ግራው በኩል ሁሉም ሰላም ነው፣ ከ223ኛው ኮለም (ዓምድ) ወዲያ ግን ዝም። ተርሚናሉ ቦታውን የሚልክበት የድሮው አላላክ ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ባይት ብቻ ነበር የሚሰጠው፣ በዚያ ላይ 32 ይደምርበታል፤ ባይት ደግሞ ከ255 አያልፍም፣ ስለዚህ 223 ላይ ይቆማል። ኤስጂአር የሚባለው አዲሱ አላላክ (ቁጥሩ 1006) ቦታውን በተራ አሃዝ ስለሚጽፍ ገደብ የለበትም። ቪም ላይ «:ሴት ቲቲዋይማውስ=ኤስጂአር» በሉት። ቲመክስ (አንዱን ተርሚናል ለብዙ የሚከፍል ፕሮግራም) ውስጥ ሆናችሁ የቪም መስኮቶች ድንበር አልጎተት ካለም መድኃኒቱ ይኸው ነው፣ ቪም ተርሚናሉን «ስክሪን» የሚባል ዓይነት መስሎት የድሮውን ስለሚመርጥ ነው። ኒዮቪም ይሄ ቅንብር የለውም፣ አያስፈልገውምም።

ማውሱን በነካሁ ቁጥር ቁጥር ይጻፋል

ኤስኤስኤች (ከሩቅ ሰርቨር ጋር የሚያገናኘው) ድንገት ይቋረጥና ሼሉ (ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም) ላይ ክሊክ ባደረጋችሁ ቁጥር «0;35;12» የመሰለ ነገር ይዘረገፋል። ቫይረስ አይደለም። 0 የግራው ቁልፍ ነው፣ 35 ኮለሙ፣ 12 መስመሩ። ሰርቨሩ ላይ የነበረው ኤዲተር «በቃ፣ አቁም» ሳይል ስለተለያችሁ ተርሚናሉ አሁንም እየላከ ነው። «ሪሴት» ብላችሁ ጻፉና ኢንተር በሉ። ፊደሉ ከቁጥሮቹ ጋር ከተደባለቀ መጀመሪያ በኮንትሮል ሲ መስመሩን አጥፉ።

ስክሮል ሳደርግ የድሮ ትእዛዞች ይመጣሉ

ቲመክስ ማውሱን ካልጠየቀ ተርሚናሉ የማውሱን ጎማ ወደ ላይና ታች ቀስት ይቀይረዋል፣ ሼሉ ደግሞ ቀስት ሲያይ ሂስትሪ ያወጣል። የቲመክስ ኮንፊግ ፋይል ላይ «ሴት -ጂ ማውስ ኦን» ጨምሩ። «ሞድ-ማውስ» የሚል ምክር ካያችሁ እለፉት፣ ከቲመክስ 2.1 በፊት ለነበረው ነው።

ቪም ላይም ጎማው ከርሰሩን ብቻ ካንቀሳቀሰ «:ሴት ማውስ=ኤ» ይበቃል። ትናንት ይሠራ ነበር፣ ቪምአርሲ (የቪም ኮንፊግ ፋይል) ከፈጠርኩ ወዲህ ቆመ የምትሉ፣ የራሳችሁ ፋይል ሲኖር ቪም ነባሪውን ፋይል ስለማያነብ ነው፤ መስመሩን እዚያው ጻፉት።

ናኖ የሚባለው ኤዲተር ላይ አልት ኤም የማውሱ ማብሪያም ማጥፊያም ነው። ኢማክስ የሚባለውን ኤዲተር በተርሚናል ከከፈታችሁ ማውሱን የሚያበራው «ኤክስተርም-ማውስ-ሞድ» ይባላል።