ኪክዳውን በድሮ ኦቶማቲክ መኪኖች ላይ፦ አሰራሩ፣ አጠቃቀሙ እና ሳይሰራ ሲቀር አፈታተሹ

ኦቶማቲክ መኪና እየነዳችሁ ከፊታችሁ ያለውን ለመቅደም ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ስትረግጡት ካምቢዮው ማርሽ ይቀንስና ሞተሩ ጮሆ መኪናው ተወርውሮ ይሄዳል፣ ይሄ ነው ኪክዳውን። ብዙ ሰው ጩኸቱን ሲሰማ ይደነግጥና መኪናውን የጎዳ መስሎት እግሩን ያነሳል። ካምቢዮው ጤነኛ ከሆነ እኮ ምንም አይሆንም፣ ለዚሁ ተብሎ የተሰራ ነው። መኪና የሚጎዳው ኪክዳውኑ እምቢ ሲል የራስን ካምቢዮ አይነት ሳያውቁ ኬብል መጎተትና ማላላት ነው፣ እሱ ላይ ነው ጠንቀቅ ማለት ያለባችሁ።

መጀመሪያ አሰራሩን እንይ። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ የትኛው ማርሽ እንደሚገባ የሚወስነው ኮምፒውተር ነው፣ ድሮዎቹ ላይ ግን ኮምፒውተር ምናምን የለም፣ የሚወስነው የዘይት ግፊት ነው። ካምቢዮው ውስጥ ቫልቭ ቦዲ የሚባል ክፍል አለ፣ እዛ ውስጥ ያሉት ማርሽ ቀያሪ ቫልቮች ከሁለት ወገን እየተገፉ ልክ እንደ ገመድ ጉተታ ያለ ፉክክር ላይ ናቸው። በአንዱ ወገን ገቨርነር የሚባለው አለ፣ ከካምቢዮው መውጫ ዘንግ ጋር ስለሚዞር መኪናው በፈጠነ ቁጥር የሚልከው ግፊት ይጨምራል፣ ፍላጎቱም ማርሽ መጨመር ነው። በሌላው ወገን ስፕሪንግ አለ፣ ከሱ ጋር ደግሞ እግራችሁ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር የሚጨምር ግፊት አለ፣ እነሱ ማርሹ ቶሎ እንዳይጨምር ይይዙታል። ቀስ ብላችሁ ስትነዱ ማርሹ በጊዜ የሚገባው፣ ስትረግጡት ደግሞ ሞተሩ ሳይጮህ የማይቀይረው ለዚህ ነው። ጥግ ድረስ ስትረግጡ ተጨማሪ ግፊት ይለቀቅና ቫልቩን መልሶ ይገፋዋል፣ ካምቢዮው ከሦስት ወደ ሁለት ይወርዳል፣ ፍጥነታችሁ ዝቅተኛ ከሆነ አንዳንዴ እስከ አንድም ይወርዳል።

ቁጥር ካስፈለገ የጂኤም ቱርቦ 400 የሚባለውን ካምቢዮ ውሰዱ፣ መውጫ ዘንጉ አንዴ እንዲዞር ሞተሩ በሁለተኛ ማርሽ 1.48፣ በሦስተኛ 1.00 ጊዜ ይዞራል። በሦስተኛ 2000 አርፒኤም (የሞተር ዙር በደቂቃ) ላይ እየሄዳችሁ ወደ ሁለተኛ ብትወርዱ በዛው ፍጥነት ሞተሩ ወደ 2960 ገደማ ይወጣል፣ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት የሚያገናኘውን የቶርክ ኮንቨርተር መንሸራተት ሳንቆጥር። ጉልበቱ የሚመጣው ከዚህ ነው፣ ሞተሩ ጉልበት ወዳለበት ዙር ይገባል፣ ማርሹም ራሱ ያንን ጉልበት አባዝቶ ለጎማ ያደርሳል።

መኪናው በጣም እየፈጠነ ከሆነ ግን የፈለጋችሁትን ያህል ብትረግጡ አይወርድም። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ የገቨርነሩ ግፊት በልጦ ነው፣ ጥሩም ነው ምክንያቱም በዛ ፍጥነት ማርሽ ቢወርድ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ይዞር ነበር። ማርሹን በእጅ ጎትቶ 2 ላይ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው፣ አንዳንዱ ካምቢዮ ፍጥነቱን ሳያይ እሺ ብሎ ይወርድላችኋል፣ እና እሱን በከፍተኛ ፍጥነት አትሞክሩት።

አጠቃቀሙ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ልትቀድሙ ከሆነ ከመውጣታችሁ ትንሽ ቀደም ብላችሁ እርገጡ፣ ምክንያቱም ድሮ ካምቢዮ እግራችሁን ሰምቶ ማርሽ እስኪቀይር ትንሽ ጊዜ ይወስዳል፣ መሀል መንገድ ላይ ሆናችሁ እሱን መጠበቅ ደስ አይልም። እርጥብ መንገድ ላይ ወይ ኩርባ ውስጥ በተለይ የኋላ ጎማ የሚነዳው መኪና ከሆነ ጉልበቱ ድንገት ሲመጣ ጎማ ያንሸራትታል። ጠዋት ዘይቱ ሳይሞቅም አትርገጡት። ረጅም ዳገት ላይ ደግሞ ፔዳሉን ወለል ላይ ተክሎ ከመውጣት ማርሹን በእጅ 2 ላይ ማድረግ ወይ ኦቨርድራይቩን (ነዳጅ ቆጣቢውን የመጨረሻ ማርሽ) ማጥፋት ይሻላል፣ አለዚያ ካምቢዮው ሲወርድ ሲወጣ ዘይቱን ያሞቀዋል።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን፣ እግራችሁ ለካምቢዮው መልእክት የሚልከው በምንድነው? ከመኪና መኪና ይለያያል። የክራይስለር ቶርክፍላይት ከካርቡራቶሩ እስከ ካምቢዮው የሚወርድ ዘንግ አለው። ብዙ የድሮ ቶዮታዎች (ለምሳሌ ኤ43ዲ ካምቢዮ የተገጠመላቸው) እና የጂኤም 700 አር 4 ኬብል ነው ያላቸው። ቱርቦ 350 ደግሞ ለኪክዳውን ብቻ የሚሆን ኬብል አለው፣ የሞተሩን ጭነት የሚለካው ግን በቫኪዩም (ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጥረው መምጠጥ) ነው። ቱርቦ 400ም በቫኪዩም ነው፣ ኪክዳውኑ ግን የኤሌክትሪክ ነው፣ ስዊች አለ ካምቢዮው ውስጥ ደግሞ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሰራ ቫልቭ) አለ። የድሮ መርሴዲሶች ላይ ስዊቹ ፔዳሉ ስር ነው፣ መጨረሻ ላይ ስትረግጡት የምትሰማችሁ ጠንከር ያለች ነገር እሷ ናት።

ይሄ ልዩነት ለምን አስፈለገ ካላችሁ፣ ቱርቦ 350 ወይ 400 ላይ ኬብሉ ቢበጠስ ወይ ሽቦው ቢላቀቅ የምታጡት ኪክዳውኑን ብቻ ነው፣ መኪናው እንደወትሮው ይሄዳል። 700 አር 4፣ ቶርክፍላይት እና እነዛ ቶዮታዎች ላይ ግን ያ ኬብል ወይ ዘንግ ኪክዳውን ብቻ አይደለም የሚሰራው፣ ፍሪሲዮን ዲስኮቹን አጥብቆ የሚይዘውን የዘይት ግፊትም እሱ ነው የሚጨምረው። እሱ ሲላላ ሞተሩ ጉልበት ይሰጣል ግፊቱ ግን ዝቅተኛ ነው፣ ዲስኮቹ ይንሸራተታሉ ከዛ ይቃጠላሉ፣ ረጅም ጊዜም አይፈጅም። ካርቡራቶር ቀይረው ኬብሉ አልገጥም ሲላቸው አስረው ትተውት የሚነዱ ሰዎች አሉ፣ እባካችሁ እንደዛ አታርጉ።

ኪክዳውን አልሰራ ካለ ከቀላሉ ጀምሩ። ሞተሩን አጥፉ፣ ኮፈኑን ክፈቱና አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ይርገጥላችሁ፣ እናንተ ካርቡራቶሩ ወይ ትሮትል ቦዲው ሙሉ በሙሉ መከፈቱን እዩ። በጣም ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚሁ ነው፣ ወፍራም ምንጣፍ ፔዳሉን ይዞታል ወይ የነዳጁ ኬብል ተለጥጦ ሙሉ አይከፍትም፣ ካምቢዮው ምንም ያልሆነ ነው። ከዛ የካምቢዮ ዘይት እዩ፣ አብዛኞቹ ላይ የሚለካው ሞቆ ሞተሩ በሚኒሞ እየሰራ ነው፣ ግን ፒ ላይ ይሁን ኤን ላይ የመኪናችሁን መመሪያ ተከተሉ፣ ቶርክፍላይት ለምሳሌ ኤን ላይ ነው የሚለካው።

የቶዮታው ኬብል ከሆነ ፔዳሉ እንደተረገጠ የኬብሉን መጨረሻ ተመልከቱ፣ ከውጪኛው ሽፋን ጫፍ እና ውስጠኛው ሽቦ ላይ ከተጨመቀችው ትንሽ ብረት መሀል ያለው ርቀት ከ0 እስከ 1 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ከዚህ ውጪ ከሆነ ሁለቱን ዳዶዎች አላልታችሁ አስተካክሉና መልሳችሁ አጥብቁ፣ ከዛ እንደገና አስረግጣችሁ ለኩ። የ700 አር 4 ኬብል ደግሞ ራሱን ያስተካክላል፣ ሞተሩ ጠፍቶ ኬብሉ ላይ ያለችውን መጫኛ ቁልፍ ተጫኑና ተንሸራታቹን ከትሮትሉ በተቃራኒ እስከ መጨረሻው ገፍታችሁ ቁልፏን ልቀቁ፣ ከዛ ትሮትሉን አንዴ ሙሉ ስትከፍቱት ጠቅ ጠቅ እያለ ቦታውን ይይዛል።

ቱርቦ 400 ላይ ቁልፉን ኦን አርጉት ሞተሩን ግን አታስነሱ፣ ፔዳሉን ስትረግጡ ከካምቢዮው ጠቅ የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። ካልተሰማ ፊውዙን፣ ስዊቹን፣ ካምቢዮው ላይ የሚሰካውን ሽቦ በቅደም ተከተል እዩ፣ ሽቦው ላይ ፔዳሉ ሲረገጥ 12 ቮልት ከደረሰ ግን አሁንም ጠቅ ካላለ ሶሌኖይዱ ነው፣ እሱ ደግሞ ካምቢዮው ውስጥ ስለሆነ የዘይት መያዣውን ማውረድ ይጠይቃል። ቫኪዩም ያላቸው ላይ ማርሹ ዘግይቶ በድንጋጤ የሚገባ ከሆነ ከሞዱሌተሩ (ቫኪዩሙን የሚቀበለው ካምቢዮው ላይ ያለ ዕቃ) ላይ ቀጭኗን የጎማ ቱቦ ነቅላችሁ ውስጧን እዩ፣ የካምቢዮ ዘይት ካለባት ውስጡ ያለው ሽፋን ተቀዷል፣ ሞተሩ ዘይቱን እየሳበ እያቃጠለው ነው፣ ነጭ ጭስ እና ያለምክንያት የሚጎድል ዘይትም ከሱ ነው። ሞዱሌተሩን መቀየር ቀላል ስራ ነው፣ ካምቢዮ ማውረድ አያስፈልገውም።

ካስተካከላችሁ በኋላ ካምቢዮው ሞቆ ሜዳ የሆነና ባዶ መንገድ ላይ ሞክሩት፣ በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሆናችሁ እስከ ወለሉ እርገጡ። ማርሹ ወርዶ መኪናው ወዲያው ከሳበ፣ እግራችሁን ስታለሉ ደግሞ መልሶ ከጨመረ አበቃ። ትንሽ ስትነኩት ሁሉ የሚወርድ፣ ማርሽም አዘግይቶ በጉልበት የሚያስገባ ከሆነ ኬብሉን ከልክ በላይ ወጥራችሁታል። ማርሹ ቶሎ ቶሎ እና ልስልስ ብሎ የሚገባ ከሆነ ደስ ይላል ብላችሁ እንዳትተዉት፣ ኬብሉ ላልቷል ማለት ነው። አርፒኤሙ ወጥቶ መኪናው ግን ካልሳበ እየተንሸራተተ ነው፣ ወዲያው እግራችሁን አንሱና ዘይቱን እዩት፣ ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር የሚሸት ከሆነ ከዚህ በኋላ የኬብል ጉዳይ አይደለም፣ ካምቢዮው ወርዶ መከፈት አለበት።