ኢንሹራንስዎ አይቪኤፍ ይሸፍን እንደሆነ እንዴት ይጣራል? (ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ነዋሪዎች)

አሜሪካ ውስጥ አንድ ዙር አይቪኤፍ (እንቁላልና የወንድ ዘር ከሰውነት ውጪ የሚዋሃዱበት የመካንነት ሕክምና) ከ15,000 እስከ 20,000 ዶላር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ክሊኒክ ከመምረጥዎ በፊት ማን እንደሚከፍል ይወቁ። ብዙዎቻችን ካርዱ ላይ ያለውን የኩባንያ ስም አይተን «ይሄኛው ይሸፍናል አሉ» እንላለን። ስሙ ግን ብዙ አይነግርም። አንድ ዓይነት ካርድ ከያዙ ሁለት ጓደኛሞች አንዷ ሦስት ዙር ሲሸፈንላት ሌላዋ አንድም ላይሸፈንላት ይችላል።

መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤትዎ ኤችአር (የሠራተኞች ጉዳይ ክፍል) በኢሜይል አንድ ጥያቄ ይላኩ፦ ፕላናችን ሰልፍ ፈንድድ ነው ወይስ ፉሊ ኢንሹርድ? ሰልፍ ፈንድድ ከሆነ የሕክምናውን ሂሳብ የሚከፍለው አሠሪው ራሱ ነው፤ ኢንሹራንስ ኩባንያው ወረቀቱን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ትልልቅ ድርጅቶች በብዛት እንዲህ ናቸው። በእ.ኤ.አ. 1974 በወጣው ኤሪሳ በተባለው የፌዴራል ሕግ ምክንያት የስቴት የኢንሹራንስ ሕግ አይነካቸውም። አሠሪው ከፈለገ ይሸፍናል፣ ካልፈለገ የለም። (ምክንያቱን ለኤችአር መንገር አይጠበቅብዎትም።)

ፉሊ ኢንሹርድ፣ ማለትም ሂሳቡን የሚከፍለው ኢንሹራንስ ኩባንያው ራሱ ከሆነ ደግሞ የስቴት ሕግ ይመለከተዋልና ፕላኑ የወጣበትን ስቴት ይጠይቁ። ወሳኙ መኖሪያዎ አይደለም። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖሩ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የሚሠሩ ከሆነ ፕላንዎ የቨርጂኒያ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ሜሪላንድ ከ1985 ጀምሮ አይቪኤፍን በሕግ ታስሸፍናለች፦ ከ50 በላይ ሠራተኛ ባላቸው አሠሪዎች ፕላን፣ ለአንድ በሕይወት ለሚወለድ ልጅ 3 ሙከራ። ፕላኑ ጣሪያውን በዕድሜ ልክ 100,000 ዶላር ላይ ሊገድበው ይችላል፤ የሃይማኖት ድርጅቶችም ከግዴታው ሊቀሩ ይችላሉ። ዲሲ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በትልልቅ አሠሪዎች ፕላን ላይ ቢያንስ 3 ጊዜ እንቁላል ማውጣት እንዲሸፈን ታዛለች። ቨርጂኒያ ግን እስከ 2025 ድረስ የግል ኢንሹራንስን እንዲህ የሚያስገድድ ሕግ አልነበራትም።

ቀጥሎ «ሰመሪ ኦፍ ቤኔፊትስ ኤንድ ከቨሬጅ» የሚባለውን፣ ፕላንዎ ምን እንደሚሸፍን በአጭሩ የሚገልጸውን ሰነድ ይክፈቱ። መጨረሻው አካባቢ ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ የማይሸፈኑትን፣ ሌላው ተጨማሪ የሚሸፈኑትን ይዘረዝራል። የመካንነት ሕክምና የትኛው ውስጥ እንደተጻፈ ይዩ። «አይሸፈንም» ቢል እንኳ ምርመራው ሊሸፈን ስለሚችል ተስፋ አይቁረጡ።

ከዚያ ካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ይደውሉ። አማርኛ አስተርጓሚ ቢጠይቁ በነጻ ያገናኙዎታል። «አይቪኤፍ ትሸፍናላችሁ?» ብቻ ካሉ መልሱ ድፍን ይሆናል፤ በሕክምናው የሂሳብ ኮድ ይጠይቁ። 58970 እንቁላል ማውጣት፣ 58974 ፅንሱን ወደ ማሕፀን ማስገባት ነው። ስንት ዙር? የተቋረጠ ዙር ይቆጠራል? እንቁላል የሚያበዙት መርፌዎችስ በየትኛው ፋርማሲ? መድኃኒቱን ብዙ ጊዜ የሚይዘው ሌላ ኩባንያ ስለሆነ ይህቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ሰው ታመልጠዋለች፤ መርፌዎቹ ለብቻቸው በሺዎች ዶላር ናቸው። ስልኩን ከመዝጋትዎ በፊት የሠራተኛውን ስምና የጥሪውን ሪፈረንስ ቁጥር ይጻፉ።

አሁን ወደ ሐኪም። እዚህ ላይ እኛ ሐበሾች የምንጎዳበት ነገር አለ። ብዙ ፕላኖች ከ35 ዓመት በታች ለሆነች ሴት 12 ወር፣ 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነች 6 ወር ሞክሮ አለመሳካቱን ይጠይቃሉ፤ ማስረጃው ደግሞ የሐኪም መዝገብ ነው። ሁለት ዓመት በዝምታ ጸበል የተመላለሰች ሴት መዝገቧ ባዶ ከሆነ ኢንሹራንሱ ገና ዛሬ እንደጀመረች ሊቆጥርባት ይችላል። ጸበሉ ይቀጥል፤ ግን በዓመታዊው ቼክአፕ ላይ «ልጅ እየሞከርን ነው» ብለው በቀኑ ያስጽፉ። ባልም አብሮ ይመርመር። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ውጤት ከሌለ ቅድመ ፈቃዱ (ኢንሹራንሱ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የሚሰጠው ፈቃድ) ሊዘገይ ይችላል፣ «እኔ ደህና ነኝ» ማለት ደግሞ ፋይል ውስጥ አይገባም።

ቅድመ ፈቃዱን ክሊኒኩ ይጠይቅልዎታል፤ እርስዎ ግን የጽሑፍ መልሱ ሳይደርስዎ መርፌ አይጀምሩ። ከተከለከሉ ይግባኝ ለማለት 180 ቀን አለዎት። የክልከላውን ደብዳቤ ለክሊኒኩ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ያሳዩ፤ አንዳንዴ ስህተቱ አንድ ኮድ ብቻ ነው።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ፕላንዎ ካልሸፈነ የባለቤትዎን ፕላን በዚሁ መንገድ ያጣሩ፤ ከተሻለ በኦፕን ኢንሮልመንት (በዓመት አንዴ ፕላን መቀየር በሚቻልበት) ጊዜ ወደዚያ ይግቡ። የብዙ መሥሪያ ቤቶች ምዝገባ ኖቬምበር አካባቢ ስለሆነ ስልኩን ሴፕቴምበር ላይ መደወል ይሻላል።