ለማቴሪያል ምህንድስና ተመራቂዎች፦ በድሬዳዋ ሥራ አፈላለግና የሁለተኛ ዲግሪ ምርጫ

በማቴሪያል ምህንድስና ተመርቃችሁ ወደ ድሬዳዋ ስትመለሱ መጀመሪያ የሚያሳዝናችሁ የሙያችሁን ስም በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ላይ ማጣት ነው። ማስታወቂያው መካኒካል፣ ኬሚካል ወይም ኢንዱስትሪያል ምህንድስናን ይጠራና «ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ» ብሎ ያበቃል፤ የእናንተ መግቢያ ይህ ሐረግ ነው። ስለዚህ የሥራ መደቡን አንብቡ፤ ጥራት ቁጥጥር፣ ላቦራቶሪ ወይም ጥገና የሚል ከሆነ አመልክቱ፣ በማመልከቻችሁም የተማራችኋቸውን ኮርሶች ከመደቡ ተግባር ጋር አንድ በአንድ አገናኙ።

እኔ አስቀድማችሁ እንድታንኳኩ የምመክረው የሲሚንቶ ፋብሪካዎችን በር ነው። ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ጠጠር) የሚጋገረው 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ላይ ስለሆነ የሚሽከረከረው ምድጃ በውስጡ እሳት ቻይ ጡብ ይለብሳል፤ ጡቡ ሲረግፍ ምድጃው ይቆማል፣ ምርትም አብሮ ይቆማል። የረገፈው በአልካሊ ጨው፣ በድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ወይስ በአነጣጠፍ ጉድለት መሆኑን መርምሮ መለየት በቀጥታ የእናንተ ትምህርት ነው፤ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ ይህንን አስረዱ። በላቦራቶሪም የሲሚንቶው የጭመቅ ጥንካሬ በ2፣ በ7 እና በ28 ቀን ይፈተሻል፤ የ28ኛው ቀን ውጤት ሲደርስ ሲሚንቶው ብዙ ጊዜ ግንብ ሆኗልና ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ውጤት የኋለኛውን መገመት የሚችል ባለሙያ ይፈለጋል።

የኢንዱስትሪ ፓርኩንና ጨርቃ ጨርቁን አትርሱ። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋው የባቡር ሐዲድም የብየዳና የብረት ድካም (ጭነት ሲደጋገምበት ብረት የሚሰነጠቅበት ሁኔታ) ፍተሻ አይለየውም፤ በአልትራሳውንድ የመፈተሽ ሥልጠና ብትወስዱ ይጠቅማችኋል።

ሁለተኛ ዲግሪን በተመለከተ፣ መምህር መሆን ካልፈለጋችሁ በስተቀር ሁለት ዓመት ሠርታችሁ ብትጀምሩ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ የሚያስጨንቃችሁን የምርምር ጥያቄ የምታገኙት ከተበላሸ ዕቃ ፊት ቆማችሁ ነውና። ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች የተዘጋጀው የጀርመኑ ዳአድ (የአካዳሚክ ልውውጥ ተቋም፣ DAAD) ስኮላርሺፕም በአብዛኛው የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የአውሮፓ ኅብረት የስኮላርሺፕ ፕሮግራም የሆነው ኢራስመስ ሙንደስ በማቴሪያል ሳይንስ የጋራ ማስተርስ አለው፤ በአሜሪካ ደግሞ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለዶክትሬት ይቀበላሉ፣ በረዳት ተመራማሪነትም የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናሉ። በአገር ውስጥ ጅማና አዳማ ትምህርቱን ይሰጣሉ፤ ለመግባት ግን ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል።

ለፕሮፌሰር ስትጽፉ ረጅም የሕይወት ታሪክ አትላኩ፤ ያያችሁትን አንድ ብልሽት፣ የገመታችሁትን ምክንያትና ልትፈትሹት የምትፈልጉትን ጥያቄ በአንድ ገጽ አስፍሩ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ ከሆነ ከመጀመሪያው ደመወዝ ጀምራችሁ የወጪ መጋራት ግዴታችሁን ክፈሉ፤ ዋናው የትምህርት ማስረጃ የሚሰጣችሁ ይህን ስታጠናቅቁ ነውና፣ የማመልከቻው ቀነ ገደብ ሲደርስ ዋናው ዲግሪና ትራንስክሪፕት በእጃችሁ መገኘት አለበት።