ጎማ በጉዞ ላይ ለምን ይወልቃል? የዳዶ አስተሳሰርስ?

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር ስትወርዱ ከአንዱ ጎማ በኩል «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ ወይም መሪው ከወትሮው በተለየ ከተንቀጠቀጠ፣ ዳር ያዙና ዳዶዎቹን (በጎማው ቡሎኖች ላይ የሚጠመዘዙትን ማጥበቂያዎች) በእጃችሁ ነክታችሁ እዩ። «ጋራዥ ስደርስ» አይባልም።

ቸርኬውን (ጎማው የሚለብሰውን ክብ) የሚይዘው የቡሎኑ ውፍረት ብቻ አይደለም፤ ውጥረቱ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ቡሎኑ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ያ ውጥረት ቸርኬውን ከሚያርፍበት ብረት ጋር አጣብቆ ያቆየዋል። ውጥረቱ ሲላላ ቸርኬው በየዙሩ ይንሸራተታል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ቡሎኑም ወዲህ ወዲያ እየታጠፈ ይበጠሳል። አንዱ ሲበጠስ ሸክሙ በቀሩት ላይ ይወድቃል።

ብዙ ሰው የሚስተው የዳዶውን ዓይነት ነው። ሶማሌ ተራ ያገለገለ የአሉሚኒየም ቸርኬ ገዝቶ በድሮው የብረት ቸርኬ ዳዶ ማሰር አደገኛ ነው። የብረት ቸርኬ ዳዶ ጫፉ ሾጣጣ ነው፤ በርካታ የቶዮታ አሉሚኒየም ቸርኬዎች ግን ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ዳዶ ይፈልጋሉ። ሾጣጣው በጠፍጣፋ መቀመጫ ላይ የሚነካው በቀጭን ጠርዝ ብቻ ስለሆነ፣ የጠበቀ ይመስላል እንጂ ሳይቆይ ይላላል። ቸርኬ ስትገዙ ዳዶውንም አብራችሁ ጠይቁ።

ስታስሩ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ በሰያፍ ካለው ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጉ። ዳዶውን ጎማው መሬት እንደነካ አላሉ፤ ከዚያ በክሪክ አንሡ። ቸርኬው የሚያርፍበትን ብረት ከዝገትና ከጭቃ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። በመካከል የቀረ ዝገትና አዲስ ቀለም ሲፈረፈር ጥብቀቱም አብሮ ይሄዳል። የቡሎኑን ጥርስ ዘይት ወይም ግራሶ አትቀቡ፤ ዳዶው ከታሰበው በላይ ይጠብቃል።

ዳዶውን በጣት ጀምሩ። በ12 ሚሊሜትር ቡሎን ላይ ቢያንስ 8 ዙር መግባት አለበት። ተራ በተራ ጎን ለጎን ሳይሆን በመስቀል አቅጣጫ፣ 5 ቡሎን ከሆነ በኮከብ ቅርጽ አጥብቁ፤ የመጨረሻውን ጥብቀት ጎማው መሬት ሲነካ ስጡት።

ኃይሉስ ስንት ነው? ለቪትዝና ለኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ግማሽ ሜትር እጀታ ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ ወደ 21 ኪሎ ግፊት ማለት ነው። በዚያው መፍቻ ላይ 70 ኪሎ ሰው ቢቆምበት ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ቡሎኑ ከመጠን በላይ ተለጥጦ ኋላ ይበጠሳል። ጎሚስታ በአየር መፍቻ ያሰረውንም በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) አረጋግጡ። ለሌላ መኪና መመሪያውን እዩ።

ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ፤ አዲስ አበባ ታስሮ ወደ አዳማ የሚሄድ ቢሾፍቱ ላይ ቆም ይበል።

ዳዶው ደህና ሆኖ ጎማው በክሪክ ተነሥቶ ላይና ታቹን ይዘው ሲነቀንቁት ከተወዛወዘ፣ ችግሩ ኩሽኔታው (የጎማው መሽከርከሪያ) ወይም ቦል ጆይንቱ (የጎማው መገጣጠሚያ) ነው፤ ሳትነዱት ይታይ። ላልቶ የተነዳ ጎማ ግን በማጥበቅ ብቻ አይድንም፦ ቀዳዳው የሞላለ ቸርኬ ይጣላል፣ የዚያ ጎማ ቡሎኖችም በሙሉ ይቀየራሉ።