የሰፈር ሸማች ፌስታል ትቶ ዘንቢል እንዲይዝ ለማድረግ ምን እናድርግ?

አዲስ አበባ ዳር ባሉት በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ ወይም በአራብሳ የሚኖር ሰው አመሻሽ ላይ ከታክሲ ሲወርድ ምን እንደሚያይ ያውቃል። ጉሊቶች መንገድ ዳር ተደርድረዋል። ድንቹ፣ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ በመደብ በመደብ ተቀምጧል። ከስራ የሚመለሰው ሰው ደግሞ ቸኩሏል። ከአንዷ ድንች፣ ከሌላዋ ቃሪያ፣ ከሱቅ ዳቦና እንቁላል ይገዛል። ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ሲደርስ አራት አምስት ፌስታል በጣቶቹ አንጠልጥሏል። በማግስቱ አብዛኛው ተጥሏል።

ከተጣለ በኋላ የት እንደሚደርስ እኛ የከተማው ዳር ነዋሪዎች በዓይናችን እናየዋለን። ንፋስ አንስቶ የገበሬው ማሳ ላይ ይበትነዋል። አጥርና ቁጥቋጦ ላይ ይሰቀላል። ላሞችና በጎች የምግብ ሽታ ያለበትን ፌስታል ከሳሩ ጋር ይውጡታል። ሆዳቸው ውስጥ አይፈጭም። እየተጠራቀመ ምግብ ይዘጋባቸዋል፤ ከብቱ ይከሳል፣ ሲብስም ይሞታል። ክረምት ሲገባ ቱቦ ይደፍንና ጎርፉን ወደ ሰው ደጅ ይመልሰዋል። የቀረውን የአቃቂ ወንዝ እየጠረገ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወስደዋል።

ህግ አለ። በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ ፌስታሎችን ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም ደግሞ የህዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ጊዜ ተጠቅመን የምንጥለውን ፌስታል የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል፤ የገንዘብ ቅጣትም አለው። ጥሩ ነው። ግን አመሻሽ ላይ አንድ ኪሎ ቲማቲም የያዘ ሰው የሚጨምርበት ነገር ያስፈልገዋል። ያንን የምናዘጋጀው እኛው ነን።

ብዙ ሰው ዘንቢል የማይዘው የፌስታል ጉዳት ስላልገባው አይመስለኝም። በሚገዛበት ሰዓት እጁ ላይ ስለሌለ ነው። ስለዚህ ድካማችን ሁሉ አንድ ነገር ላይ ይሁን፦ መያዣው በትክክለኛው ሰዓት በትክክለኛው ቦታ እንዲገኝ ማድረግ።

አንድ ገበያ ብቻ ምረጡ

ሰፈሩን በሙሉ ለመለወጥ አትነሱ። አንድ የታክሲ መውረጃ፣ እዚያ ያሉትን ጉሊቶችና አጠገባቸው ያሉትን ሁለት ሶስት ሱቆች ምረጡ። ለጥቂት ቀናት በስራ መውጫ ሰዓት ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። ማነው የሚገዛው? በእግሩ ነው ወይስ በመኪና? የትኛው እቃ ነው ብዙ ፌስታል የሚወስደው? እኔ እንደማየው ድንችና ሽንኩርት ትልቅ ፌስታል ይወስዳሉ፤ በቁጥር የሚበዙት ግን ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዳቦ የሚገቡባቸው ትንንሾቹ ናቸው። ያያችሁት ነገር ምን ዓይነት መያዣ እንደሚያስፈልግ ይነግራችኋል።

ሻጮቹን አስቀድሙ

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ፖስተር ይለጥፋሉ፣ ሸማቹን ይመክራሉ፣ የጉሊቷን እናት ግን አያናግሩም። ፌስታሉን የምትመዘው የእሷ እጅ ናት። እሷ ከተስማማች ስራው ተጋመሰ።

ገበያ በሚጧጧፍበት ሰዓት አትሂዱ። ረፋድ ላይ፣ ፀጥ ሲል፣ መጀመሪያ የሆነ ነገር ግዙና ከዚያ አውሩ። ስለ ዓለም ሙቀት አትጀምሩ። ስለ ገንዘቧ አንሱ። ፌስታል በነጻ አይመጣላትም፤ እሽጉን ከኪሷ ከፍላ ነው የምትገዛው። ደንበኛው ግን እንደ ነጻ ነገር ይቆጥረዋል። “እናቴ፣ በሳምንት ስንት እሽግ ይጨርሳሉ?” ብላችሁ ጠይቁ። ሂሳቡን እሷው ታሰላዋለች።

ከዚያ ሁለት ነገር ለምኑ። የመጀመሪያው አንዲት ጥያቄ ናት። ፌስታል ከመምዘዟ በፊት ደንበኛዋን “እትዬ፣ መያዣ ይዘዋል?” ወይም “ጋሼ፣ በምን ላድርግልዎ?” እንድትል ነው። ይህች ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ትልቅ ስራ ትሰራለች። ያልያዘው ሰው ነገ መያዝ እንዳለበት ያስታውሳል። የያዘው ደግሞ ቦርሳው ውስጥ ያለው ትዝ ይለዋል። ማንም አልተነቀፈም፣ ማንም አላፈረም።

ሁለተኛው ምርቃት ነው። መያዣውን ይዞ ለመጣ ሰው አንድ ቃሪያ ወይም አንዲት ድንች ትመርቅለት። ምርቃት ድሮም ያለ ልማድ ነው፤ አዲስ ነገር አይሆንባትም። ፌስታሉ ስለቀረላት አትከስርም። ደንበኛው ደግሞ ምርቃቱን ፈልጎ ተመልሶ ይመጣል። እኔ ከየትኛውም ማስታወቂያ ይልቅ በዚህ አምናለሁ።

እናንተም ስትገዙ ቶሎ ተናገሩ። ሚዛኑ ላይ ከመጫኗ በፊት ከረጢታችሁን ከፍታችሁ “እዚህ ገልብጪልኝ” በሏት። ፌስታሉ አንዴ ከተመዘዘና ከተነፋ በኋላ “አልፈልግም” ማለት ለሁለታችሁም አይመችም።

ከረጢቱን ቤት ካለው ነገር ስሩ

አዲስ ከረጢት ገዝቶ ማደል ያምራል፤ ቅድሚያ ግን አልሰጠውም። ጥጥ ለማምረት ብዙ ውሃና ጉልበት ይፈሳል። የጨርቅ ከረጢት ልፋቱን የሚክሰው ደጋግመን፣ ለዓመታት ስንይዘው ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ ከቀረ ለማንም አልጠቀመም። ስለዚህ መጀመሪያ ቤት ያለውን እንይ። የእናቶቻችን ዘንቢል በር ጀርባ ተሰቅሎ ይሆናል። ያረጀ መጋረጃ፣ አንሶላ፣ የተቀደደ ጋቢም አይጠፋም።

የ25 ኪሎ የሩዝ ማዳበሪያ በጣም ጥሩ የገበያ ቦርሳ ይወጣዋል። የ50 ኪሎ የዱቄት ወይም የስኳር ከሆነ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። አፉን ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ ስፉት፤ ካልታጠፈ ክሩ እየተተረተረ ያልቃል። የእውነተኛ ማዳበሪያ፣ ማለትም ዳፕና ዩሪያ የነበረበት ከረጢት ግን ለምግብ አይሁን። ቢታጠብም አልመክርም። የሩዙና የዱቄቱ ከረጢት ራሱ ፕላስቲክ መሆኑ እውነት ነው። ልዩነቱ ለረጅም ጊዜ ማገልገሉ ነው። ፀሐይ ላይ ከዋለ ስለሚፈረካከስ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት።

በጨርቅ መስራት ለሚፈልግ አቡጀዲ ይበቃል። ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ 1 ሜትር ተኩል ብትገዙ ሁለት ከረጢት ከነማንጠልጠያው ይወጣል። አቡጀዲ ውሃ ሲነካው ስለሚሰበሰብ ከመቆረጡ በፊት እጠቡትና ይድረቅ። ለእያንዳንዱ ከረጢት 42 በ100 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። በርዝመቱ እኩል አጥፉት፤ እጥፋቱ ታች ይሁን። ሁለቱን ጎን ስፉ፣ አፉን 4 ሳንቲ ሜትር ያህል አጥፋችሁ ዙሩት። ለማንጠልጠያ 8 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ያስፈልጋሉ። እነሱን ለአራት አጥፋችሁ መሃል ለመሃል ስፏቸው።

ሁለት ነገር አትርሱ። ማንጠልጠያው ከአፉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በአራት ማዕዘን ተሰፍቶ መሃሉ ላይ መስቀል ይደረግበት። ክብደቱ የሚያርፈው እዚያ ላይ ስለሆነ ቶሎ የሚበጠሰውም እሱ ነው። ማንጠልጠያው ደግሞ ትከሻ ላይ የሚገባ ይሁን። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ አምስት ኪሎ ድንች ይዞ የወጣ ሰው፣ ፌስታል ጣት እንዴት እንደሚቆርጥ ያውቃል። ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ከረጢት ያየ ጎረቤት ሳይመከር “ይሄን ከየት አመጣሽው?” ብሎ ይጠይቃል።

የሰፈር ልብስ ሰፊ ካለ ቁርጥራጭ ጨርቅ አይጠፋውም። በትንሽ ዋጋ ተስማሙ። ስራ ለእሱ፣ ከረጢት ለሰፈሩ።

ትንንሾቹን አትዝለሉ

ትልቅ ዘንቢል ይዞ የመጣ ሰው እንኳ ውስጡ አራት ፌስታል ይዞ ሲመለስ አያለሁ። ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ እንዳይቀላቀሉ ነው። መፍትሔው ትንንሽ ከረጢቶች ናቸው። ከስስ መጋረጃ የተሰሩ ቢሆኑ ይመረጣል። ውስጣቸው ስለሚታይ ሻጭዋ አትቸገርም፤ ቀላል ስለሆኑ ሚዛን አይበሉም። አፋቸውን በክር የሚጠበቁ አድርጓቸው። ሶስት አራቱን ትልቁ ውስጥ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ።

ስትጨምሩም ድንችና ሽንኩርት ከታች፣ ካሮትና ጎመን ከመሃል፣ ቲማቲምና ሙዝ ከላይ ይሁኑ። “ቲማቲሜ ተጨፈለቀ” የሚል ሰው ወደ ፌስታሉ ስለሚመለስ ይህን ለጀማሪ ንገሩት።

ለስጋ ክዳን ያለው እቃ ይዛችሁ ሂዱ። ደም ከነካው ከረጢት ጋር አትክልት አትቀላቅሉ። እንጀራ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ እቃና ንጹህ ጨርቅ ቢይዝ ይበቃዋል። የጨርቅ ከረጢቶቻችሁን ከልብስ ጋር እጠቡ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቁ። ቆሽሾ የሚሸት ከረጢት ሰው ፊት መዘርጋት ያሳፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ቤት ትቶት ይወጣል።

ከረጢቱ የት ይደር?

ለጎረቤቶቻችሁ ከረጢት ስትሰጡ ቦታውንም አብራችሁ ንገሯቸው። ሁለት ይኑር። አንዱ ተጣጥፎ ዘወትር የስራ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ፤ አመሻሽ ላይ ከታክሲ ሲወርዱ የሚያድነው እሱ ነው። ሌላው የቤቱ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ይሰቀል። እቃው ተራግፎ ሲያበቃ ወዲያው ወደ ቦታው ይመለስ። ኩሽና ውስጥ ከዋለ ነገ አይገኝም።

ልጆችን አስቡ። ብዙውን የሱቅ ግዢ የሚፈጽሙት የሚላኩ ልጆች ናቸው። ዳቦ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና በእነሱ ይመጣል። ለልጁ ብሩ ብቻ ሲሰጠው በፌስታል ይዞ ይመለሳል። ብሩና ከረጢቱ አብረው ይሰጡት። ከተቻለ ብሩን ከረጢቱ ውስጥ አድርጉት፤ እንዳይጥለውም ይረዳል። ቤት ውስጥ የምትረዳ እህት ካለችም እንዲሁ ለእሷ የሚሆን ጥሩ ከረጢት ይዘጋጅላት፤ የተቀደደው አይድረሳት።

ሱቁ ያውስ

የረሳ ሰው ሁልጊዜ ይኖራል። ለእሱ ባለሱቁ ጋ አስር ያህል ከረጢት ይሰቀል። ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ጨርቅ ይለጠፍባቸው፤ የማን እንደሆኑ ይታወቃል። የረሳው ደንበኛ ተውሶ ይሄዳል፣ ነገ ይመልሳል። ባለሱቁ የዱቤ ደብተር አለው። ስኳሩን በሚጽፍበት መስመር አጠገብ “ከረጢት 1” ብሎ ቢጽፍ ማን እንደወሰደ አይጠፋውም። አንዳንዱ አይመለስም። አይመለስ። ያ ከረጢት አንድ ቤት ውስጥ እያገለገለ ነው፤ እናንተ ሌላ ስፉ።

እድርና የሴቶች እቁብ ካለ በወር ስብሰባው መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ ለምኑ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ከረጢቱን አሳዩ፣ የት እንደሚሰፋና ስንት እንደሚያወጣ ተናገሩ፣ ተቀመጡ። በተለይ እድሩ ለሃዘን ቤት ሲገዛ በጆንያና በዘንቢል እንዲገዛ አሳስቡ፤ እዚያ የሚወጣው ፌስታል ቀላል አይደለም።

ቤት ውስጥ የተጠራቀመ ፌስታል ያላቸው ሰዎች ምን እናድርገው ይሏችኋል። የጸዳውን አጥበው እስኪያልቅ ይጠቀሙበት። ከሰል ለማያያዝ ግን አያቃጥሉት። ጭሱ መርዛማ ነው፣ ምድጃው አጠገብ የምትቀመጠው እናትና የታዘለው ልጅ ይስቡታል። ለከሰሉ ደረቅ ጭራሮ ወይም ወረቀት ይሻላል።

ለውጥ መኖሩን ለማወቅ ወደ ጉሊቷ እናት ተመለሱ። በሳምንት ስንት እሽግ ትጨርስ እንደነበር ነግራችኋለች። ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ ጠይቋት። ካልቀነሰ ምክንያቱን እሷ ታውቀዋለች፤ ምናልባት ለእርጥብ እቃ መያዣ ጠፍቶ ይሆናል፣ ምናልባት አጠገቧ ያለው ሱቅ ፌስታል በገፍ እየሰጠ ይሆናል። ያንን አስተካክሉ። ከቀነሰ ደግሞ ወደሚቀጥለው የታክሲ መውረጃ ስትሄዱ እሷን ይዛችሁ ሂዱ። ሌሎቹ ጉሊተኞች ከእናንተ ይልቅ እሷን ይሰሟታል።