በጎርፍ የተፈናቀሉ ቤተሰቦችን በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እንዴት እንቀበል

ሐምሌና ነሐሴ ላይ የአዲስ አበባዎቹ ወንዞች ቀበናና ግንፍሌ ሲሞሉ ወንዝ ዳር ያሉ ቤቶች በአንድ ሌሊት ውኃ ይገባባቸዋል። ልጁን አዝሎ፣ የተረፈውን በማዳበሪያ ቋጥሮ ዳገቱን የወጣ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚያንኳኳው የቤተ ክርስቲያን በር ነው። በአራዳና በቂርቆስ ያላችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና የጽዋ ማኅበርተኞች፣ ያ በር ሲንኳኳ ምን እንደምታደርጉ ከአሁኑ ብታውቁ ብዙ እንባ ይቀንሳል።

ውኃው ገና እየወረደ ከሆነ ወደ ወንዙ አትውረዱ። 939 ደውላችሁ እሳትና አደጋ ሥራ አመራርን ጥሩ፤ የተጎዳ ሰው ካለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የእናንተ ሥራ የሚጀምረው ሰው ከውኃው ከወጣ በኋላ ነው።

1. አዳራሹን ለኩ

የደብሩን አስተዳዳሪና ሰበካ ጉባኤውን አስፈቅዱ፣ ለወረዳውም በዚያው ቀን አሳውቁ። ከዚያ ሜትር ይዛችሁ ግቡ። በአደጋ ጊዜ መጠለያ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር ያስፈልገዋል። 10 በ14 የሆነ አዳራሽ 40 ሰው ይይዛል ማለት ነው። ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውኃ ሲታሰብ ለ40 ሰው 600 ሊትር፣ ማለትም በ20 ሊትር ጀሪካን 30 ጀሪካን ይሆናል። ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ቤት ቁጠሩ፤ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ማታ መብራት ያለው ይሁን። ከዚህ በላይ ሰው ከመጣ ሳታጨናንቁ ወደ ሌላ ደብር ወይም ወረዳው ወዳዘጋጀው ቦታ ምሩ።

አንድ ነገር አትርሱ። በወር አበባ ወይም በአራስነት ምክንያት ወደ ቤተ መቅደስ የማይገቡ እናቶች ደጅ ላይ ቆመው ይቀራሉ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም እንዲሁ ያመነታሉ። አዳራሹ ከቤተ መቅደሱ ውጭ መሆኑን አንዲት እህት በር ላይ ቆማ በግልጽ ትንገራቸው።

2. ከዕቃ በፊት ሰውን መዝግቡ

አንድ ደብተር፣ አንድ ጸሐፊ። የአባወራው ወይም የእማወራዋ ስም፣ የልጆች ዕድሜ፣ ነፍሰ ጡር፣ የሚያጠቡ፣ አረጋዊ፣ የዘወትር መድኃኒት የሚወስድ። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒቱ ጎርፍ የወሰደበት ሰው ካለ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ ብርድ ልብሱን ተመልሶ ይወስዳል። ደብተሩ የትም አይዞር። ርዳታ ሲቀበሉም ሰዎቹን ፎቶ አታንሱ። ትናንት በቤቱ እንግዳ ሲያስተናግድ የነበረ ሰው ዛሬ ኩባያ ይዞ ሲሰለፍ እንዲታይ አይፈልግም።

3. የመጀመሪያውን ሌሊት አሳድሩ

በክረምት ሌሊት የአዳራሽ ሲሚንቶ አጥንት ይሰብራል። ከሚለበሰው ይልቅ የሚነጠፈው ነው ሰውን የሚያሳድረው፤ መጀመሪያ ካርቶን፣ በላዩ ሰሌን፣ በላዩ ፍራሽ። ቤተሰብ ከቤተሰብ በገመድና በአንሶላ ይጋረድ። የከሰል ማንደጃ ግን በምንም ምክንያት ወደ ውስጥ አይግባ። በዝግ ክፍል ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ተኝቶ ያለውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

የመጠጥ ውኃውን አፍሉ፣ ወይም ውኃ አጋር የተባለውን የውኃ ማከሚያ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ከጎርፍ በኋላ የሚመጣው ተቅማጥ ከጎርፉ ሊብስ ይችላል።

4. ምግብ

ከባዱ ዝናብ ከፍልሰታ ጾም ጋር ይገጣጠማል፤ ጾሙ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ይህ ሥራችሁን ያቀለዋል፤ ሽሮና ምስር ወጥ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም ከአንድ ድስት የሚበላው ነው። በመጀመሪያው ቀን እሳት እስኪነድ በሶ፣ ዳቦና ሻይ ይበቃል። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች የተለየ ምግብ ለብቻው ይዘጋጅ፤ ልጹም የምትል እናት ካለች ከንስሐ አባቷ ጋር አገናኟት እንጂ እናንተ አትፍረዱባት።

ሰው በደግነት የዱቄት ወተትና ጡጦ ያመጣል። ጡት ለሚጠባ ልጅ አትስጡ። ጡጦ በደንብ የሚታጠብበት ውኃ በሌለበት ቦታ ሕፃኑን ያሳምመዋል። እናቲቱን አጥግቡ፣ ልጁ ከእሷ ይጠባል።

5. ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ

አንድ ክረምት እኛ ዘንድ ያረፉ እናት በአንድ ሳምንት አምስት ኮት ተሰጣቸው። አምስቱንም አጥፈው ራስጌያቸው ደርድረዋቸው ነበር። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ «እማማ፣ ምን ጎደለብዎ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ኮቱ ይበቃኛል» አሉኝ፣ «ምጣዴ ነው የተሰበረብኝ።» ለካ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ነበር። አምስቱን ኮት የሰጠን እኛ አንዳችንም አልጠየቅናቸውም ነበር።

ስለዚህ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን እያንዳንዱን ቤተሰብ ለብቻ አነጋግሩ። «ምን ልስጥዎ?» ከማለት «ከዚህ በፊት በምን ይተዳደሩ ነበር?» ማለት ይሻላል። ሞዴስና የውስጥ ልብስ ግን ሳይጠየቅ፣ በእህቶች እጅ፣ በፌስታል ተቋጥሮ ይሰጥ፤ አፍ አውጥቶ የሚጠይቀው የለም።

ገንዘብ በግለሰብ ስልክ አይሰብሰብ። በሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ገብቶ በደረሰኝ ይውጣ፤ የገባውና የወጣው በየሳምንቱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ።

6. የራሰውን ወረቀት አድኑ

መስከረም ቅርብ ነው፤ ልጆቹን ለማስመዝገብ የልደት ካርድና የሚኒስትሪ ውጤት ይጠየቃል። እርጥብ ወረቀት ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር ከተቀመጠ ይጣመማል፣ ቀለሙም ይለቃል። መጀመሪያ በስልክ ፎቶ አንሱት። የተጣበቁትን በኃይል አትላቅቁ፤ በንጹሕ ነጭ ወረቀት መሐል አድርጋችሁ፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ውስጥ አስቀምጡ፣ ወረቀቱንም ሲርስ ቀይሩ። መታወቂያው የጠፋበትን ሰው ወረዳ ድረስ አብራችሁት ሂዱ። የፋይዳ ካርድ ቢጠፋም ምዝገባው አይጠፋም፤ ይህን ስትነግሯቸው ብዙዎቹ ትንፋሻቸው ይመለሳል።

7. ሦስተኛው ሳምንት

በመጀመሪያው እሑድ በረንዳው በሰው ይሞላል። በሦስተኛው ሳምንት ድስቱን የሚያጥበው ሰው ይጠፋል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተራ ዝርዝር አውጡ፤ ለሦስተኛውና ለአራተኛው ሳምንት የሚመጡትን ቀድማችሁ ስማቸውን ጻፉ፣ ለመጀመሪያው ሳምንት ሰው አይጠፋም።

ቤት ተገኝቶ ሲወጡ ፍራሹን ተሸክማችሁ አብራችሁ ሂዱ። ጣሪያው እንደማያፈስ፣ ቦታውም ከወንዙ እንደራቀ እዩ። ከአሮጌው ሰፈር ጋር እድራቸውም ቀርቷልና፣ በዚያው ቀን የአዲሱን ሰፈር የእድር ዳኛ ጠይቃችሁ አግኙ፣ ቤተሰቡን አስተዋውቁ፣ የመመዝገቢያውንም ክፈሉላቸው።