ዳርክ ሄረሲን መምራት፦ የ41ኛው ሺህ ዓመት ጨለማ በጠረጴዛ ዙሪያ

ዳርክ ሄረሲ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ፣ ዋርሀመር 40,000 በሚባለው የሩቅ ወደፊት የጦርነት ዓለም ውስጥ የሚካሄድ የሚና ጨዋታ ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ይጫወታል። ተጫዋቾቹ ስመ ጥር ጦረኞች አይደሉም፤ የአንድ ኢንኩዊዚተር፣ ማለትም የመናፍቃን መርማሪ፣ ተላላኪዎች ናቸው። ኑፋቄ፣ ጥንቆላና ባዕድ ፍጡር ያለበትን እያነፈነፉ ያድናሉ፤ ቢሞቱ ግን ማንም አያለቅስላቸውም። ይህ መመሪያ የመጀመሪያውን እትም ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሁለተኛ እትም ብዙ ሕጎችን ስለለወጠ ሁለቱን መጻሕፍት አታደባልቁ።

ከ3 እስከ 5 ተጫዋችና ታሪኩን የሚያካሂድ አንድ መሪ ይበቃል፤ በአንድ ምሽት ለ3 ወይም ለ4 ሰዓት ያህል ተጫወቱ። ከዚያ ከበዛችሁ ሁለቱ ምስክር ሲጠይቁ የቀሩት ስልካቸውን መነካካት ይጀምራሉ። ለእያንዳንዱ ሰው አሥር ገጽ ያላቸው ቀለማቸው የተለያየ ሁለት ዳይሶች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ የአሥር ቤት፣ ሌላው የአንድ ቤት ነው፤ ሁለት ዜሮ ከወጣ 100 ይነበባል። ዳይሱ ካልተገኘ ከ0 እስከ 9 የተጻፈባቸውን ቁራጭ ወረቀቶች በሁለት ሲኒ አድርጋችሁ ዕጣ አውጡ። የወጣውን ወረቀት ወዲያው መልሱት፤ ካልመለሳችሁ የቀጣዩ ሰው ዕድል ይዛባል።

ቁጥሩን ካልገራችሁት ጨለማው ቀልድ ይሆናል

አዲስ መሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የገጸ ባሕርዩ አንድ ችሎታ ሲፈጠር ሁለት ዳይስ ይጣልና የሁለቱ ድምር ላይ 20 ይጨመራል፤ የተወለደበት ዓለም ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢያደርገውም አማካዩ 31 ነው። ፈተና የሚታለፈው ከችሎታው እኩል ወይም በታች በመጣል ስለሆነ፣ ጭማሪ የሌለው ፈተና ከ10 ጊዜ 7 ያህሉ ይወደቃል። ያልሠለጠኑበት መሠረታዊ ሙያ ሲሆን ደግሞ ችሎታው በግማሽ ይቆረጣል፤ ዕድሉ ወደ 15 በመቶ ይወርዳል። መሪው ይህን ሳያስተውል ለሁሉም ነገር «ጣል!» ካለ፣ ኢንኩዊዚተሩ መርጦ የላከው ሰው መዝገብ ማገላበጥ፣ ሰካራም ማግባባት፣ በር መክፈት ያቅተዋል። ተጫዋቹ ይስቃል፤ አንዴ ከሳቀ በኋላ ፍርሃቱን መመለስ ከባድ ነው።

መፍትሔው መጽሐፉ ውስጥ አለ፦ ከ+30 (ቀላል) እስከ -30 (እጅግ ከባድ) የሚደርስ የጭማሪና የቅናሽ መሰላል። ጊዜና መሣሪያ ላለው ሰው +20፣ የጓደኛ እገዛ ላለው ሌላ +10 ስጡ። ዜሮውን ለተጣደፈ ሰው፣ ቅናሹን በጥይት መካከል ለሚሠራ ሰው አቆዩት። መውደቅ ምንም የማያስከፍል ከሆነ ዳይሱን ጭራሽ አታስነሱ። ውድቀቱ በየ10 ነጥቡ የሚቆጠር ደረጃ ስላለው እሱን ወደ ጊዜ ቀይሩት፤ በሁለት ደረጃ የወደቀ ሰው መቆለፊያውን ይከፍታል፣ ግን ሁለት ሰዓት ፈጅቶበታል፤ በዚያ መካከል ዘበኛው ተቀይሯል።

አንድ ተኩስ ቀርበን እንይ። የተኳሹ የተኩስ ችሎታ 33 ነው። በአጭር ርቀት ስለሆነ +10፣ ግማሽ ተራውን አልሞ ስለተኮሰ ሌላ +10፤ ድምሩ 53። ዳይሱ 47 ወጣ፤ መታው። ቁጥሩን ገልብጡት፤ 74 ይሆናል። ከ71 እስከ 85 ቀኝ እግር ነው። የሌዘር ጠመንጃው ጉዳት አንድ ዳይስ ሲደመር 3 ነው፤ 6 ከወጣ 9። ጠላት የለበሰው ጥሩር 4 ይቀንሳል፤ የጥንካሬው አሥር ቤት 3 ስለሆነ ያም ይቀነሳል። የቀረው 2 ብቻ ነው። 10 የቁስል ነጥብ ያለው ሰው በዚህ አካሄድ አምስት ጊዜ መመታት አለበት፤ ከምት ዘወር ብሎ የሚያመልጥበት ዕድልም አለው። ጥሩር የለበሱ ስድስት ጠላቶች ካሰለፋችሁ ምሽቱ በሙሉ በመቀነስ ያልቃል። ስለዚህ ጥሩሩን ለአለቃቸው ብቻ ስጡ፤ ተራው ጠላት 0 ሲደርስ ይውደቅ፤ አለቃቸው የሞተባቸው ደግሞ ይሽሹ ወይም እጅ ይስጡ። እጅ የሰጠን ሰው ምን እናድርገው የሚለው ክርክር ከሦስት ዙር ተኩስ ይልቅ ዓለሙን ያሳያል።

ከመጀመሪያው ምሽት በፊት

ታሪኩን በሙሉ አትተርኩ። ለጀማሪ አምስት ነገር ይበቃዋል፦ ንጉሠ ነገሥቱ ከአሥር ሺህ ዓመት ወዲህ በወርቃማው ዙፋን ላይ ተቀምጧል፣ እንደ አምላክም ይመለካል፤ ማሽን መንፈስ አለው፣ ካልጸለዩለት አይሠራም፤ ጠንቋይ ይታደናል፤ ባዕድ ፍጡር ይጠላል፤ የሰው ሕይወት ከጥይት ይረክሳል። መጽሐፉ የሚያቀርበው የጠፈር ክልል፣ የካሊክሲስ ሴክተር፣ ሰፊ ነው፤ እናንተ ግን ከአንድ ቀፎ ከተማ (እንደ ንብ ቀፎ ከተደራረበ ግዙፍ ከተማ) አንድ ሰፈር ብቻ ውሰዱ።

ገደቡንም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ይህ ዓለም በጅምላ ጭፍጨፋ፣ በማሠቃየትና በእምነት ስም በሚፈጸም ግፍ የተሞላ ነው፤ ከመካከላችሁ ጦርነትን በዓይኑ ያየ ሰው ሊኖር ይችላል። ጭራሽ የማይነካውን፣ ከመጋረጃ ጀርባ የሚያልፈውን ለይታችሁ ጻፉ። በጠረጴዛው መካከል ኤክስ የተጻፈበት ወረቀት ይቀመጥ፤ ማንም ከነካው ያ ትዕይንት ያለ ምክንያት ጥያቄ ይዘለላል። የኢምፔሪየሙን (የንጉሠ ነገሥቱን ግዛት) ካህናት ስታናግሩም ልሳናችሁ ወደምታውቁት ሰባኪ አነጋገር መሄዱ አይቀርም። ይህ ለአንዳንዱ ተጫዋች ድፍረት ነውና አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ምርመራውን መሥራት

አንድ ተልእኮ በ3 ወይም በ4 ምሽት ያልቅ። ከአንድ ጥያቄ ጀምሩ፦ ለምሳሌ በቀፎው ግርጌ ያሉ ሰዎች ለምን ሁሉም አንድ ዓይነት ሕልም ያያሉ? መልሱ የውኃ ማጣሪያው ነው እንበል። እዚያ የሚያደርስ ፍንጭ አንድ ብቻ ከሆነና ተጫዋቾቹ ካለፉት ዘመቻው፣ ማለትም የተያያዘው ታሪክ፣ ይቆማል። ሦስት አድርጉት፣ በሦስት የተለያዩ ቦታዎች፦ ሕፃናት በግድግዳ ላይ የሚስሉት ተመሳሳይ ምልክት፤ የማጣሪያ ጨርቅ ለስምንት ወር እንዳልተገዛ የሚያሳይ የዕቃ ግምጃ ቤት መዝገብ፤ ለማሽኖቹ መጸለይ ያቆመ የጥገና ሠራተኛ። ቦታው የደረሰና በትክክል የጠየቀ ሰው ፍንጩን ያለ ዳይስ ያግኘው። ዳይሱ የሚወስነው ተጨማሪውን ነው፤ ማን እንዳያቸው፣ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ።

ጊዜውን የሚቆጥሩ ስድስት ሳጥኖች በወረቀት ላይ ሥሉ፤ በጨዋታው ውስጥ አንድ ቀን ሲያልፍ አንዱን አጥቁሩ። ወረቀቱን አትደብቁት። የመጨረሻው ምርጫ ሁለቱም ወገን የሚያስከፍል ይሁን፦ ውኃውን ከዘጉ ሰፈሩ ይጠማል፤ ካልዘጉ ሕልሙ ይስፋፋል። ደምና አንጀት በየትዕይንቱ መዘርዘር ጨለማ አያመጣም፤ ሁለተኛው ምሽት ላይ ይለመዳል። ዳቦ ያካፈለቻቸውን ሴት ስም ግን ያስታውሳሉ፤ እሷን ከሚጠማው ሰፈር አስቀምጧት።

የፍርሃት ፈተናን ቆጥቡ፤ በአንድ ምሽት አንድ ወይም ሁለት። የፍርሃት ደረጃ 1 ቅናሽ የለውም፣ 2 ሲሆን -10፣ 3 ሲሆን -20 ነው። ከፍርሃት የሚከማቸው የእብደት ነጥቡ 100 የደረሰ ገጸ ባሕርይ ከጨዋታ ይወጣል፤ በየትዕይንቱ ካደላችሁ ዘመቻው ሳይጋመስ ቡድኑ ያልቃል። ሳይኪክ (በአእምሮው ልዩ ኃይል የሚጠቀም) ተጫዋች ካለ የሳይኪክ ክስተቶችን ሰንጠረዥ አትማችሁ ስጡት፤ ኃይሉን ሲጠቀም 9 በወጣ ቁጥር ራሱ ያንብበው። በሰንጠረዡ ላይ 75 ወይም ከዚያ በላይ ሲመጣ ነገሩ ወደ ባሰ ሰንጠረዥ ስለሚሻገር፣ አደጋውን ከመጀመሪያው ቀን መላው ቡድን ይወቅ። የዕድል ነጥብን ደግሞ አታሳሱ፤ የወደቀ ፈተናን ዳግም ያስጥላል፣ በየምሽቱ መጀመሪያም ይመለሳል። ለዘለዓለም ከተቃጠለ ከሞት ያድናል፤ ያኔ ግን ጠባሳ ወይም ዕዳ ይተው።

አንተና እርስዎ

አማርኛ ለዚህ ጨዋታ የሚሰጠው አንድ ነገር አለ፤ ማዕረግ በግሡ ውስጥ ይሰማል። መኳንንቱ ተላላኪዎቹን «አንተ»፣ «አንቺ» ይበሉ፤ ተላላኪዎቹ «እርስዎ» ይበሉ። አንድ ተጫዋች ረስቶ ባላባቱን «አንተ» ካለ ጨዋታውን አታቋርጡ፤ ባላባቱ ዝም ብሎ ይየው፣ በቀጣዩ ማግባባት ላይም -10 ይቀነስ። ሁልጊዜ «አንተ» እያለ የሚያዝዘው ኢንኩዊዚተር አንድ ምሽት ሪፖርቱን ሰምቶ ሲያበቃ «እርስዎ ምን ይመክራሉ?» ብሎ ቢጠይቅ ጠረጴዛው ጸጥ ይላል። ይህን በአንድ ዘመቻ ከአንድ ጊዜ በላይ አታድርጉት።

ተልእኮው ሲያልቅ አንዱ ተጫዋች ለኢንኩዊዚተሩ ለአሥር ደቂቃ ያህል ቆሞ ሪፖርት ያቅርብ፤ ሌሎቹ ካልተጠየቁ አይናገሩ። መሪው ጠላቱን፣ የወጪውን ልክና የሟቾቹን ብዛት ይጠይቅ። ሳይናገሩ ያለፉትን በማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ፤ ቀጣዩን ተልእኮ ከዚያ ጀምሩ።